በቀትር ውሻ የሚቀባው ሰው

የመተማን ቀትር የማያውቅ ሰው ጋኔን በሌሊት ብቻ የሚወጣ ይመስለዋል። ሞኝ ነው! በዚያ አገር ሌሊትማ ሰው ሁሉ አልጋውን ደጅ አውጥቶ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እያወጋ የሚያድርበት ነው፤ ማን ይፈራዋል? የሚፈራው ቀትሩ ነው። በመጋቢት ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ባጃጁ ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይበተናል፣ ጉምሩክ በር ላይ የተሰለፈው ሾፌር ከመኪናው ሥር ይዘረጋል፣ ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ ዝም ትላለች። በዚያን ሰዓት ደጅ ሲንቀሳቀስ የታየ፣ ወይ እብድ ነው ወይ የዚህ ዓለም ሰው አይደለም ይባላል።

እየሩስ ይህን ስትሰማ ትስቅ ነበር። ባሏ ደረበ ከሞተ ወዲህ ግን ቀትር ሲሆን ጆሮዋ ይቆማል። ከርከር፣ ከርከር፣ ከርከር። መከታ ነው፣ የደረበ ውሻ። ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጦ በኋላ እግሩ ጎኑን ይፍቃል። ይፍቅና ያርፋል፤ ጌታው ከእርሻ ሲመለስ ጋደም ይልባት የነበረችውን የገመድ አልጋ ያያል፤ ጭራውን ይቆላል፤ እንደገና ይፍቃል። አልጋዋ ላይ ማንም የለም።

«ምን አየህ? አንተ፣ ምን አየህ?» ትለዋለች ከበሩ ሆና። እሱ አይዞርላትም። እሷም እውነቱን ለመናገር መልሱን መስማት አትፈልግም ነበር።

ደረበ የሞተው በጥር ነው። ማሽላ ጭኖ ከእርሻ ሲመለስ ትራክተሩ ፈፋ ውስጥ ተገለበጠበት። መከታ እንደ ልማዱ ተሳቢው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሰው እስኪደርስ ከጌታው ራስጌ አልተነሳም። ከቀብር በኋላ ቤት ገባ እንጂ ሰው እንዲነካው እሺ አላለም። እጅ ሲዘረጉለት ጥርሱን ያሳያል። እየሩስ ፍርፋሪውን የምትጥልለት ከሩቅ ነው።

ያኔ ነው ቆዳው መበላሸት የጀመረ። ደረቀ፣ ተሰነጣጠቀ፣ ጠጉሩ ወዙ ጠፋ። ሲያክክ ፎረፎሩ እንደ ዱቄት ይቦናል፤ የሚተኛበት መሬት ነጭ ሆኖ ይገኛል። እሷም ያው ናት! ከል ለብሳ፣ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ቅባት የሚባል ገላዋን ሳይነካ፣ በዚያ በረሃ ነፋስ ክንዷ እንደ ደረቀ ሸንበቆ ተልጧል። ለቅሶ ላይ ያለች ሴት አትቀባም። ውሻም ለቅሶ ይቀመጣል ብሎ ግን ማን ያስባል?

ንጹሕ ቢሆን ይሻለዋል አለችና አንድ ቀን በገመድ አሳስራ በኦሞ ሙልጭ አድርጋ አጠበችው። ምን ዋጋ አለው! ኦሞው የቀረችውን ወዝ ይዟት ሄደ፣ ማከኩ እጥፍ ሆነ፤ ከገመዱ ሲፈታም ለእሷ እንኳ የማይቀመስ ሆነ።

ሰፈሩ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ «እከክ ነው፣ ልጆቻችን ላይ ያጋባል» ይላል፤ ሌላው «ሊያብድ ነው» ይላል፤ ሦስተኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የሟች ነፍስ ተጠግታው ነው» ትላለች። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ አያ ሸጋው መጡ። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን የተናገሩትን አያጥፉም።

«ልጄ፣ እስከ ፋሲካ ታገሺ ብያቸዋለሁ» አሏት። «እስከዚያ ካልዳነ መርዝ ይሰጠዋል። ደረበን ስለምወደው ነው እንጂ ዛሬውኑ ነበር።»

እየሩስ ያን ቀን አለቀሰች። የደረበን ድምፅ የሰማ፣ የደረበን ጠረን የሚያውቅ፣ መጨረሻውንም ያየ መከታ ብቻ ነው። እሱን ከገደሉባት በዚያ ግቢ ደረበ ሁለተኛ ሊሞት ነው።

ለዚህ የደረሰችላት ሁሪያ ናት። ሁሪያ ከአጥር ወዲያ ሱቅ አላት፤ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኑ ገላባት የሚመጣ ሽቶና ቅባት ትሸጣለች፤ ምላሷ ፈጣን፣ ልቧም እንደዚያው። አንዱ ብልጥ ገበሬ «በሰሊጥ ትል መድኃኒት እጠቢው፣ እኔ እሰጥሻለሁ» ብሎ ጠርሙስ ይዞ ሲመጣ ያባረረችው እሷ ናት።

«ያ ሰላም! መርዙን በቆዳው ልታጠጣው ነው? ይልሰውና እዚሁ ይደፋል! ሂድ ወዲያ፣ የራስህን ጭንቅላት እጠብበት!»

ቀጥላም ለከብት ክትባት ከሸሕዲ የመጣውን የእንስሳት ሐኪም እጁን ይዛ አመጣችው። ሰውየው መከታን ከሩቅ ዞሮ ዞሮ አየው፤ የተመለጠ ቦታ የለም፣ ቁስል የለም፣ ቅማልም አልታየው።

«እከክ አይመስለኝም፣ ድርቀት ነው» አለ። «ሳሙናውን ተዉት፣ ኦሞማ ጭራሽ። ጠጉሩን በደህና ማበጠሪያ እያበጠራችሁ የሞተውን ቆዳ አራግፉለት፣ ከዚያ የሰሊጥ ዘይት ትንሽ ትንሽ፣ በመዳፍ እያሻሻችሁ። እንዳይንጠባጠብ ብቻ። ከምግቡም ጠብ አድርጉለት፤ እንቁላል ካለ ደግሞ ጥሩ ነው። ጥላና ውሃ እንዳይለየው። መመለጥ ወይም መቁሰል ከጀመረ ግን ጥሩኝ።»

ዘይቱ ሞልቷል፣ ደረበ ያስጨመቀው። እንቁላል ግን በዐቢይ ጾም ከእየሩስ ቤት ከየት ይምጣ? እሱን ሁሪያ ከራሷ ቤት ልታመጣ ተስማማች። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ማን ይነካዋል?

«ደረበን ካላየ አይነካም ይሄ» አለች ሁሪያ እየሳቀች። ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። ሁለቱም ተያዩ።

ደረበ በሕይወቱ ሳለ ቅዳሜ ከሰዓት ከኒሙ ሥር ተቀምጦ፣ ዘይት በመዳፉ አፍስሶ፣ እያፏጨ ያን ውሻ ሲያሽ ይውል ነበር። ጎረቤቱ «ሚስትህን አትቀባም ወይ?» ብሎ ሲቀልድበት «እሷ እጅ አላት፣ እሱ የለውም» ይላል። ለዚያ ሥራ የሚለብሰው ከገላባት ገበያ የገዛትን ነጭ ረጅም ጀለብያ ነበር። ያቺ ጀለብያ እስካሁን ሳጥን ውስጥ ናት። የሟች ልብስ በተዝካሩ ለነፍስ አባቱ ይሰጣል፤ የደረበ ተዝካር ግን ገና አልወጣም፤ እናቱ መርዶ አልሰሙምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቱ እማማ አሰበች ዳባት ነው የሚኖሩት። ልጃቸው የሞተ ሰሞን እሳቸው የዓይን ሞራቸውን ሊገፈፉ ጎንደር ተኝተው ነበር። ሐኪሙ ለብዙ ጊዜ እንዳያለቅሱ አዘዘ፤ ዘመዱ ሁሉ መክሮ «ዓይናቸው ይዳን፣ መርዶው አይሸሽም» አለ። ስልክ በደወሉ ቁጥር «እርሻ ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም» ይባላሉ። ተዝካር ደግሞ እናት ሳትሰማ አይወጣም።

እየሩስ ሳጥኑን ከፈተችው። ልብሱ ደረበን ደረበን ይሸታል። ቀትር እስኪሆን ጠበቀች፤ ከል የለበሰች ሴት የሟች ባሏን ልብስ ለብሳ ብትታይ ሰፈሩ ምን ይላል? ሰው ሁሉ ጥላው ሲገባ ጀለብያውን ከላይ አጠለቀች፣ ሻሹን እሱ ያደርግ እንደነበረ ጠመጠመች፣ ዘይቱን ይዛ ወጣች። ከኒሙ ሥርም ተቀመጠች።

መከታ ማከኩን አቆመ። አፍንጫውን አነሳ። ከዚያ፣ ያ ጥርሱን የሚያሳይ ውሻ፣ በሆዱ እየተሳበ መጥቶ ጭንቅላቱን ከጭኗ ላይ ጣለው።

እየሩስ ዘይቱን በመዳፏ አሙቃ ከጀርባው ጀመረች። ፎረፎሩ እየተነሳ ከመዳፏ ጋር ይመጣል፤ ከሥሩ የቆሰለ የሚመስል ቀላ ያለ ቆዳ አለ። «አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ጌታ» ትለዋለች። ጥቂት እንደ ቆየች ግን አንድ የሚያስፈራ ነገር አስተዋለች፤ እጇ መንገዱን ያውቃል። ከጆሮው ጀርባ በአውራ ጣት፣ ከዚያ ወደ አንገቱ፣ ልክ ደረበ እንደሚያደርገው ነው። ከዚያም ፉጨት ሰማች። ቀና ስትል የምታፏጨው ራሷ ናት። ኧረ ማርያምን! እየሩስ ከተወለደች ፉጨት ሞክራ አታውቅም።

በማግስቱ አልወጣም ብላ ነበር። ከርከሩ ሲጀምር ግን አላስቻላትም፣ ወጣች። እንዲህ እያለች ቀትር ቀትሩን ለመደችው። ውሻው በእጇ ሥር እየለሰለሰ፣ ማከኩም እየቀነሰ ሄደ። አንድ ነገር ብቻ አልተወም፤ እሷ ስታሸው ዓይኑ እሷ ላይ አይደለም። ከትከሻዋ ወዲያ፣ ወደ ባዶዋ አልጋ እያየ ጭራውን ይቆላል። እሷም አንድ ቀን እንኳ ዞራ ለማየት አልደፈረችም።

መቼስ የመተማ አጥር ቀዳዳ አያጣም። በአህያ ጋሪ ውሃ የሚሸጠው ስሜነህ በዚያ ሰዓት በዚያ በኩል አለፈና አየ። አህያዋን ጥሎ፣ ውሃውን አፍስሶ፣ ሁሪያ ሱቅ ውስጥ እንደ ጥይት ገባ።

«ደረበን አየሁት! በነጭ ልብስ፣ ውሻውን ሲቀባ! በማተቤ!»

ሁሪያ ሳቋን በሽቶ ጠርሙስ ጀርባ ደበቀች። እየሩስ ስትሰማ ግን አልሳቀችም። «ምናልባት እኔን አይደለም ያየው» ብላ አሰበች። ከዚያ ወዲህ በቀትር በዚያ አጥር የሚያልፍ ጠፋ።

ፋሲካ ሊቃረብ ሲል ነው መዓት የመጣው። ሁሪያ ሱቋ በር ላይ ቆማ ሳለ ከባጃጅ አንዲት አሮጊት ሲወርዱ አየች፤ ጥቁር መነጽር፣ ዱላ፣ ትከሻቸው ላይ ስንቅ። እማማ አሰበች! ለማንም ሳይናገሩ አውቶቡስ ተሳፍረው መጡ! ሁሪያ በጓሮ በኩል እየሮጠች ገብታ የራሷን አበባማ ቶብ፣ ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለለውን፣ ከእየሩስ ከል ላይ ጣለችባት፤ የተላጨ ራሷን፣ ጥቁር ልብሷን ሸፋፈነችው።

«አማትሽ መጡ! ፊትሽን አስተካክይ፣ ወላሂ ጉዳችን ፈላ!»

እማማ አሰበች ገቡ። እየሩስን አገላብጠው ሳሟት።

«በአዲሱ ዓይኔ ልጄን ልየው ብዬ መጣሁ» አሉ። «የት አለ?»

«ምንጠራ ላይ ነው እማማ፣ እሩቅ ነው እርሻው። ይመጣል» አለች እየሩስ።

ያኔ መከታ ከጥላው ተነስቶ መጣ። ቡችላ ሳለ ለደረበ ከዳባት በቅርጫት ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ያሳደገችውን እጅ ውሻ አይረሳም። እማማ ጎንበስ ብለው ጎኑን፣ ገና ያልዳነውን ወገን፣ ዳበሱት። ከዚያ መዳፋቸውን ገልብጠው በመነጽራቸው ሥር አዩት፤ ነጭ ሆኗል። መዳፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ገብተው ተቀመጡ።

እየሩስ አያ ሸጋውን አስጠራች። «ልንገራቸው፣ አልቻልኩም» አለች እያለቀሰች። አያ ሸጋው ተቆጡ።

«እናት ብቻዋን ለእንግድነት በመጣችበት ቤት፣ ከምራቷ አፍ መርዶ ትሰማለች? ነውር አይደለም እንዴ! ከአገራቸው ሰው ልኬያለሁ። ዘመድ ይምጣ፣ በጎህ ተሰብስበን እንደ ወጉ እናርዳቸዋለን። እስከዚያ አፍሽን ያዢ።»

ያዘች። ምን ታድርግ! እማማም እንግዳ ሰው ሆኑ፤ ስለ ልጃቸው ደግመው አልጠየቁም። ስለ ዓይናቸው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዳባት ብርድ ያወራሉ። ቀትር ሲሆን እየሩስ አሳርፋቸው፣ ተኝተው እንደሁ አድምጣ፣ ጀለብያውን አጥልቃ ትወጣለች። ብታቋርጥ ቆዳው መልሶ ሊደርቅ፣ መርዙ ሊመጣ ነው። ባታቋርጥ ደግሞ ያቺ አዲስ ዓይን ልታያት ነው። እንዲህ በሁለት እሳት መሐል ሰነበተች።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። ፀሐይዋ መሬቱን ነጭ አድርጋዋለች። እየሩስ ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ የመከታን ወገብ ታሻለች። በመዳፏ አሁን ፎረፎር አይመጣም፤ ጠጉሩ አብረቅርቋል። ከኋላዋ የዱላ ድምፅ ሰማች።

«ደሬ?»

እጇ ባለበት ቀረ። ብትዞር እናት የልጇን መርዶ በልጇ ልብስ ውስጥ ካለ ከሌላ ሰው ፊት ልታነበው ነው። ዝም ብትል ሬሳ ሆና ልትቀመጥ ነው። አቤት ማለቱስ እንዴት ይቻላል? የሞተ ሰው ስም ሲጠራ በሕይወት ያለ ሰው አቤት ይላል?

«አትዙር» አሉ እማማ። «አትዙር ልጄ። እንዲሁ ልይህ።»

ቀስ ብለው መጥተው ከገመድ አልጋዋ ጠርዝ ላይ፣ ከእየሩስ ኋላ ተቀመጡ። እየሩስ ትንፋሻቸውን በማጅራቷ ሰማችው።

«ዓይኔን ሲፈቱልኝ፣ ደሬ፣ ያየሁት ነገር ሰው ፊቱን ሲያዞር ነው። ጎረቤት ያዞራል፣ እህቴ ታዞራለች፣ ቄሱ እንኳ መስቀሉን አሳልመውኝ መሬት መሬት ያያሉ። ሰው ዓይን ሲያገኝ ሌላው ዓይኑን የሚደብቀው ለምንድን ነው አልኩ። ገብቶኛል። ግን ልቤን እሺ አላልኩትም፣ ሄጄ ልየው ብዬ መጣሁ።»

የደረቀ እጃቸው በእየሩስ ጎን አልፎ ከውሻው ጀርባ ላይ፣ ከእጇ አጠገብ አረፈ።

«የመጣሁ ለት ይኼን ውሻ ስዳብስ መዳፌ አመድ ሞላ። አንተ በሕይወት እያለህ የመከታ ቆዳ ይደርቃል? አይደርቅም። መርዶዬን የዚያን ለት ውሻው ነገረኝ። እኔም ዝም አልኩ። ሰው ካልነገረኝ ለቅሶ አልቀመጥም፤ ለቅሶ ካልተቀመጥኩ ልጄ አልሞተም ብዬ።»

ጠጉሩን ወደ ላይ ገለጥ አድርገው አዩት።

«አሁን ግን ድኗል፤ ወዙ ተመልሷል። በቃ። ንገሪኝ፣ እየሩስ።»

እየሩስ ስሟን ስትሰማ ውስጧ ተበጠሰ። «እማማ፣ ደረበ የለም» አለች። ድምፁ ከራሷ አፍ የወጣ አልመሰላትም። «በጥር። ትራክተር ተገልብጦበት።»

«ብቻውን ነበር?»

«መከታ አብሮት ነበር። ሰው እስኪደርስ ከራስጌው አልተለየም።»

«ብቻውን አልነበረም በይኛ።»

«ብቻውን አልነበረም።»

እማማ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከበሩ ሆኜ ሳያችሁ ሁለት ነበራችሁ» አሉ። «ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች፤ አንቺ በዚህ፣ ሌላው በዚያ በኩል፣ አልጋዋ ላይ። ሐኪሙ አዲስ ዓይን አንዳንዴ አንዱን ሁለት ያደርጋል ብሎኛል።»

እየሩስ መከታን አየችው። መከታ ወደ «ዚያ በኩል» እያየ ጭራውን ይቆላል። የሱን ዓይን ደግሞ ማንም ቀዶት አያውቅም።

እማማ መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው ሲለወጥ እየሩስ ደነገጠች፤ «ዓይንዎን እማማ! ሐኪሙ አታልቅሱ ብሏል!» አለች።

«ከእንግዲህ ምን ላይበት?»

እየሩስ ሻሹን መፍታት ጀመረች። የሟች ልብስ ለብሳ ከሟች እናት ፊት መቀመጡ አሳፈራት፤ ጀለብያውን ልትጥለው፣ ከእግራቸው ልትወድቅ ፈለገች። አሮጊቷ እጇን ያዙት።

«ተይ። አታውልቂው» አሉ። «አልቅሼ እስክጨርስ ድረስ ልበሽልኝ።»

ከዚያ ግንባራቸውን ከዚያች ነጭ ጀርባ ላይ አስደግፈው «ልጄን!» ብለው ጮኹ። ጩኸቱ አጥሩን ዘለለ። መጀመሪያ ሁሪያ ባዶ እግሯን ሮጣ ወጣች፣ ከዚያ አያ ሸጋው፣ ከዚያ አህያዋን ትቶ ስሜነህ፤ ያን ቀን በመተማ ቀትር ሰው ሁሉ ከጥላው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ቆመ።